የቆላውን ትንበያ ለደጋው ገብስ

ለወንድሜ ለፍቅረ ሥላሴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሲናስ እንዴት ናት? ልጃችሁን ምስክርን ወባ ይዞት ነበር ብለኸን ነበር፤ ተሻለው ወይ? በዚያ ሜዳ ያላችሁትን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። እኔ እህትህ ሰርካለም አለሁ። እናታችን ወገባቸውን ቢያማቸውም ይወጣሉ ይገባሉ። ስለ አባታችን ግን "ደህና ናቸው" ብዬ ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ "ትንሽ አሟቸዋል" ያልኩህ አጠገቤ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ስለሚያዩኝ ነው። ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ አልበረደም። እንግዲህ ከነንዴቴ አንብበኝ።

የዘንድሮው የበልግ ገብስ እንዴት ያለ እንደነበር ታውቃለህ። ሁለት ዓመት በልጉ ከድቶን ከከረመ በኋላ እግዚአብሔር ፊቱን መልሶልን ነዶው ለሸክም ይከብድ ነበር። አጭደን ጨርሰን ማሳው ላይ ተኝቷል። ረቡዕ ሰኔ 25 ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ኃይለመስቀል ወንፈሉን ይዘው መጥተው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አውድማ ላይ ልንከምረው ተቀጣጥረናል። ማክሰኞ ከሰዓት አንተ ደወልክ። "አባዬ፣ ትንበያውን ሰምቻለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሙቀት ነው፤ ጠብ የሚል ዝናብ የለም። እርጥቡን ለምን ይከምሩታል? ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ሲወቃም ይቀላል" አልካቸው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል። እኔ የሰኔ ሰማይ አይታመንም፣ በጓሳ ተራራ በኩልም እየጠቆረ ነው ብላቸው፣ "የተማረ ልጅ አለኝ፤ መሣሪያ ያየውን እኔ በደከመ ዓይኔ ልከራከረው ነው?" አሉኝ። በማግስቱ ማለዳ ቤት ለቤት ዞረው "ነዶው ትንሽ ይድረቅ" ብቻ ብለው ወንፈሉን መለሱ። ጋሽ ኃይለመስቀል "እንግዲያው ሰዉ ከተሰበሰበ አይቀር የእኔን እናንሣ" ብለው የራሳቸውን ያን ቀን ከምረው አደሩ።

ዓርብ መድኃኔዓለም ነበር። እንደምታውቀው በዚያ ቀን እዚህ አገር ማጭድ የሚያነሣ የለም። እስከ ቀትር ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር፤ እናታችን እንኳ "የልጄ ነገር እውነት ሆነ" ብለው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ከጓሳ በኩል ተገልብጦ መጣ። ነጎድጓዱ ገና ሲያጉረመርም አባታችን ሸራውን ተሸክመው ወደ ማሳው ሮጡ። በዓል ነው፣ ይተዉት ብዬ ብከተላቸው አልሰሙኝም። በረዶው መጀመሪያ ሽምብራ ሽምብራ ያክል ነበር፤ በኋላ ግን ጭንቅላት የሚፈነክት ሆነ። የሸራውን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን ስንታገል፣ ከማሳው ዳር ካለው ጥድ ላይ መብረቅ ወደቀ። ዓይኔን ስገልጥ አባታችን ነዶው ላይ በአፍጢማቸው ተደፍተዋል። ሞቱ ብዬ ነበር ፍቅረ ሥላሴ። ኡኡ ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ኃይለመስቀልና ልጆቻቸው ደርሰው፣ በረዶው እየቀጠቀጣቸው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱልን።

ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጆሯቸው ግን አይሰማም፤ ቀኝ እጃቸውም ጭልፋ አይጨብጥም። ሐኪሙ እጁ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል ብሎናል፤ ለጆሮው ግን ተስፋ አልሰጠንም። ገብሱን እኩሌታውን በረዶው አራገፈው፤ የቀረው ዝናቡ አልቆም ብሎ ነዶው ላይ በቀለ። እናታችንና እኔ ጥቂቱን ቤት ውስጥ ዘርግተን ለዘር እንዲሆን አትርፈናል።

ይህን ሁሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብዬ በተውኩት። ነገር ግን የልማት ሠራተኛዋ ትሕትና ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ፣ ያ ትንበያ ለምን እንዲህ ዋሸን ብዬ ጠየቅኋት። ስልኳን አውጥታ አነበበችልኝ። አልዋሸም ወንድሜ። ሜዳውና ቆላው በሙቀት ይሰነብታል ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ በደጋው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል፣ ገበሬው የታጨደ ሰብሉን ፈጥኖ ይሰብስብ ይላል። አንተ ለራስህ አገር የተነገረውን ሰማህና የእኛን ሳትሰማ ስልክ አነሣህ። ተወልደህ ያደግህበት ደጋ መሆኑን ረሳኸው? በኋላ ስትደውል ደግሞ "ትንበያ ነው፣ አንዳንዴ ይስታል" አልክ። የሳትከው አንተ ነህ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። አገሩ "በመድኃኔዓለም ቀን ነዶ ነክቶ ነው መብረቅ የመታው" እያለ ነው። ወንፈሉን የመለሱትም የሰው ምሳ ሰስተው ነው የሚልም አለ። ስድሳ ስምንት ዓመት በዓል ሽረው የማያውቁ ሰው! ልጄ ነው አትሰብስቡ ያለኝ ቢሉ ሰው ይረዳቸው ነበር። አላሉም። ጋሽ ኃይለመስቀል ፊት ለፊት ሲጠይቋቸው "እኔው ነኝ የዘገየሁት፣ ስንፍናዬ ነው" ብለው መለሱ። ለእኔም ስምህን እንዳላነሣ አስምለውኛል። ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ አይሄዱም። እሑድ እሑድ ቅዳሴውን ከጓሮ ሆነው በአንድ ጆሮ ያዳምጣሉ።

መሐላዬን በዚህ ወረቀት አፍርሻለሁ፤ ንስሐውን እኔ እገባለሁ። አንተ ደግሞ ለፍልሰታ ና። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ፊት ቁምና "አትሰብስቡ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ የሮጡት እኔ ያጠፋሁትን ሊያድኑ ነው" በል። ከዚህ ሌላ ካሣ አልፈልግብህም።

ለሲና ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ምስክርን ግንባሩን ሳምልኝ። እናታችን እንደ ምድር አሸዋ ሰላም ብለውሃል። ጋሽ ኃይለመስቀልም ሰላም ይሉሃል፤ እሳቸው እስካሁን ምንም አያውቁም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ወደ ቆላ የሚወርደው ነጋዴው ማሙሽ ነው፤ ውሃ ሳታጠጣው አትስደደው።

አባታችን ደግሞ የምጽፈው ሰላምታ ብቻ መስሏቸው እንዲህ በዪልኝ ብለዋል፦ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል፣ ልጁን ይዞ እንዳይንገላታ፣ ዘንድሮ አይምጣ።

እኔ ግን ና እልሃለሁ።

እህትህ ሰርካለም
ዘመሮ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.