በሹፌሩ በር ላይ ያገኘናቸው ቀዳዳዎች

ጥቅምት 27 ቀን 2006፣ ጉበይራ

የጋራዥ ባልደረባዬ ሰይድ ዛሬ በአንድ ቃል ምክንያት ተደበደበ። የምናድሰው ፋሃድ የሚባል ወጣት ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበር። የሹፌሩ በር ላይ ከቀለሙ ሥር ቆርቆሮውን ለማለስለስ የተለጠፈው ስቱኮ የጣት ውፍረት ነበረው። እኔ በጋዝ እሳት ሳሞቀው ሰይድ በመሮ እየፈነቀለ አወረደው። ቆርቆሮው ሲገለጥ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ሦስት ቀዳዳዎች ታዩ።

ፋሃድ አጠገባችን ቆሞ ነበር። "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

ሰይድ ሳያስብ "ጥይት ነው" አለው።

"አባቴ በልብ ሕመም ነው የሞተው! እናቴ ናት የነገረችኝ!" ብሎ ጮኸና መሮውን ነጥቆ ፊቱን መታው። ሲወድቅም በእርግጫ ደገመው። ፋሃድን ከኋላ አንገቱን አንቄ ጎተትኩት። ፊቱ ጠቁሮም እጄ አልላላ አለኝ። ልገድለው ነበር። "ወንድሜ፣ ኸላስ! ልቀቀው!" ብሎ የጮኸው አፉ ደም የሞላው ሰይድ ራሱ ነው።

ስለቅቀው ፋሃድ ዞሮም አላየን። እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ሄዶ ጣቱን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ለእናቱ ደወለ። "ማነው የገደለው?" ሲላት ሰማሁ። መልሷን ሳልሰማ ሰይድን ደግፌ ወጣሁ።

ሰይድ በዚህ በዐረብ አገር የሚያኖር ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የለውም። ሐኪም ቤት እንዳልወስደው መንገዱ ሁሉ አፈሳ ነው። ባዲዓ ሰፈር ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ ብሎ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ታክሲ ገባ። እስካሁን አልደወለም። ስደውል ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።