ጫካ ውስጥ ያየሁት ብየዳ

ትርፌዬ፣

ከጌጫ ወደ ቴፒ በሚወርደው የጫካ መንገድ ላይ የላንድክሩዘራችን ባሌስትራ የተያዘበት ብረት ተሰበረ። አብራን ላምያ የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። በቃሬዛ እንውሰዳት ወይስ እስኪጠገን እንጠብቅ ተባለና «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ። ያኔ ባለቤቴ ይርዳው ታሞብኝ መኪና ሲሰበር «በያጅ እስኪመጣ እንጠብቅ» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እዚያው መንገድ ላይ አረፈ። ፊቴን ወደ ላምያ አዞርኩ። ላምያ ራሷ «ይበየድ፣ እጠብቃለሁ!» አለች።

ሾፌሩ ናስረዲን በባትሪ የሚሠራ፣ የጫማ ሳጥን የሚያህል የብየዳ ማሽን አወጣ። አንዱ «ሬዲዮ ሊከፍትልን ነው!» ብሎ አሳቀን። የእኛ ሰፈር በያጅ መብራት ሲጠፋ ሥራ ይፈታል፤ እዚህ ግን ዝናቡን በኮባ ቅጠል ከልለንለት ጫካው ሁሉ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። መብረቅ በእጁ የያዘ መሰለኝ። «ኧረ እማማ አይዩት፣ ዓይንዎን!» ሲለኝ እንኳ ዞር ማለት አቃተኝ።

ላምያ ቴፒ ገብታ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ይህች የምጽፍባት ካርድ ሞላች፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። በይርዳው መቃብር በኩል ስታልፊም፣ ዛሬ ጠብቀው ደረሱ በይልኝ።