በሙስበሃ የተቆጠረ ልቤ

አባዬ፣

በቅድሚያ አንድ ከባድ ዜና በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፦ ፍየሏ የሰሌን ባርኔጣህን ግማሹን በልታዋለች። እማ ምርመራ ከፍታለች፤ ተጠርጣሪዋ ግን ቅንጣት ሳትጸጸት ታመሰኳለች።

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን ሆነ። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ይዟል። ወንድሜ ከድር ከቆቦ ሮቢት ባጃጅ ይነዳል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዱዓ የሚያበዛው በእሱ ምክንያት ነው። የዚክር መቁጠሪያህን፣ ሙስበሃህን፣ እኔ ወረስኩት።

በዘጠኝ ዓመቴ ልቤ መምታቱን እየረሳ ሲጥለኝ አዲስ አበባ ወሰድከኝ፤ ልብ የሚያስመታ ትንሽ ማሽን ደረቴ ላይ ከቆዳ ሥር ቀበሩልኝ። በደቂቃ ሰባ ይመታል አሉህ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሰላት በኋላ በአንድ እጅህ የእጄን አንጓ፣ በሌላው ሙስበሃውን ይዘህ ለአንዱ ምት አንድ ፍሬ ታሳልፍ ነበር። ሰዓት የማየው እኔ ነበርኩ። ሰባ ሲሞላ አልሐምዱሊላህ ብለህ ትነሳና ዋጃ ገበያ ላይ የልቤን ቁጥር እንደ እህል ዋጋ ታወራለህ።

ባለፈው ወር ሐኪሟ ልቤን በአልትራሳውንድ አይታ እንደገና አየች። ሰባ እኮ ነው፣ ከአባዬ ጋር በየቀኑ ስንቆጥረው ኖረናል አልኳት በኩራት። የቆጠራችሁት የማሽኑን ሥራ ነው፣ የደከመው ልብሽ ነው አለችኝ። ከማሽኑ ወደ ልቤ የገባው ሽቦ የሚቀሰቅሰው ቀኙን ወገን ነው፤ ግራው ሠርግ ላይ ጭብጨባ እንደሚያበላሽ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲጓተቱ ግራው ሰፍቶ ጉልበት አጥቷል። ሁሉም ላይ አይደርስም ብላለች፤ እኔ ተመርጬ መሆኑ ነው። አሁን ለግራውም ሽቦ ሊያስገቡለት ነው። ብዙዎች ይሻላቸዋል አለች፤ ስለ እኔ ግን አልማለችም።

ማሽኑን አልወቅሰውም፣ ያለ እሱ እዚህ አልደርስም ነበር። ግን ዛሬም ጠዋት ቆጠርኩ፤ ሰባ ሞላ፣ ሲሞላም እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ቀጠሮዬ ከዒድ በኋላ ነው። ሻካራው አውራ ጣትህ አንጓዬ ላይ ሲያርፍ የነበረውን ሙቀት አልረሳውም፤ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የምተኛውም እሱን እያሰብኩ ነው።

ልጅህ ዘምዘም

እርማት፦ በመጨረሻው ሳምንትህ አልጋህ ሥር ተቀምጬ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይደክመኝም» ስል የሰጠሁት መግለጫ ከእውነት የራቀ ሆኖ በመገኘቱ ተሰርዟል። ያኔም ከገበያ ስመለስ ሦስት ቦታ እቀመጥ ነበር። የደበቅሁህ አንተ እንዳትፈራ ብዬ ነው፤ አሁን ግን ብቻዬን መፍራቱ አቃተኝ።