ሳይጠራ ስለመጣው የኢክላስ አባት

ለተከበሩ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ደባርቅ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የሰሞኑ ብርድ በቢሮዎ በር ስንጥቅ ገብቶ ጤናዎን እንዳይነካው እመኛለሁ። በሩ ለእኔ ተከፍቶ ስለማያውቅ ስንጥቁን በደንብ አውቀዋለሁ።

እኔ በገበያው መግቢያ ጨርቅ የምሸጠው ረህማ፣ የስምንተኛ ክፍሏን ተማሪ ኢክላስን ያሳደግኋት አክስቷ ነኝ። እናቷ በወሊድ ሞታለች። አባቷ፣ ታናሽ ወንድሜ አነስ፣ ልጅቱ ሦስት ዓመት ሲሞላት ጂዳ ሄዶ፣ በየዒዱ ድምፁ ብቻ በስልክ ይመጣል። የዕለት ውሎዬን በደብተር መጻፍ ልማዴ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከዚያው ገልብጬ በተራ አቀርባለሁ።

1. ግንቦት 3፦ ኢክላስ ሰልፍ ላይ ስለሳቀች «ወላጅ አምጪ» ተባለች። ሱቄን ዘግቼ ስመጣ፣ አክስት ወላጅ እንዳልሆነች በትሕትና አስረድተው ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ቢነግሩኝ ደግሞ ምስጋናዬ ይበዛ ነበር።

2. ግንቦት 5፦ ልጅቱ ገበያ ወጥታ አባት መረጠች፤ ከአምቢኮ ገብስ ጭነው የመጡትን አቶ ገዱን። ለምን እሳቸውን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ ከሰዉ ሁሉ ያልቸኮሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ አለችኝ። እርስዎም አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩትን ሰው «አቶ አነስ» ብለው ተቀብለው አስፈረሟቸው፤ «ልጅቱም ቁርጥ እርስዎን ትመስላለች» አሏቸው። ዓይንዎን ያቆይልን።

3. ግንቦት 12፦ አቶ ገዱ ገብሳቸውን ሸጠው ሲመለሱ፣ ማንም ሳይጠራቸው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው «የልጄ የሒሳብ ትምህርት እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ዘበኛው ወዲያው ጠረጠረ፤ አባቷ አለመሆናቸውም ታወቀ። አልፈርድበትም፤ ሳይጠራ የመጣ አባት በዚያ በር አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ፣ «እውነተኛ አባቷ ካልመጣ ክፍል አትገባም» ብለዋል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኢክላስ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ በጣቃ ጨርቅ መሃል ታጠናለች። ትናንት፣ አባቴ ቢመጣስ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሬ ላይ ጥያቄውን ብቻ ጻፍኩ።

ስለዚህ ጂዳን ወደ ደባርቅ ማቅረብ ከአቅሜ በላይ መሆኑን ተረድተው፣ ሰኞ ጠዋት በእኔ ፊርማ እንዲያስገቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሞቅ ያለ ቢሮና ሳይጠሩ የሚመጡ ወላጆች እንዲበዙልዎ የምትመኝ፣
ወላጅ ያልሆነችው ረህማ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ሠርካለም ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥታ ነበር። በእሷ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን እንደሚከበር፣ አባቷ ግን እንደ አምናው ስብሰባ እንዳለባቸው ነግራን፣ አቶ ገዱን እንድታውሳት ኢክላስን ለመነቻት። አቶ ገዱ ይመቸኛል ብለዋል። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ሦስት ነው፤ ካልቸኮሉ እርስዎም መሄድ ይችላሉ።