ጋሪው የሚቆምበት ቦታ

ጥቅምት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.
ሲቀላ

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ዛሬ ልጻፈው። ባለቤቴ ጫሞ ሐይቅ ላይ የሰጠመ ዕለት ነፋሱን አይቶ ከዓሣ ማጥመዱ ሊቀር ነበር። «ፈራህ እንዴ?» ብዬ ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ስለ ዓሣ መጥበሻ ጋሪዬ ፈቃድ ቀበሌ ጠሩኝ። የለመንኩት ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ እንድቆም ነበር። ሊቀመንበሩ የጤና ምርመራ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና፣ «እዚያ አይሆንም፣ እህቴ። ሹሞቹ ልብሳችን ዓሣ ዓሣ ሸተተ ይሉናል። ጫሞ ዳር፣ ዓሣው ከሚወርድበት ቁሚ፤ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ» አሉ። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አማቴ እማማ ማርታ ደጃፍ ተቀምጠው የመሠረተ ትምህርት መጽሐፋቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እሰይ፣ እኔም አብሬሽ እውላለሁ። ሽንኩርቱን እየላጥኩ ልጄ አጠገብ እሆናለሁ። ሬሳውን እንኳ አላገኘሁም።»

«ፀሐዩ ይጎዳዎታል።»

«ቅቤ ነኝ እንዴ የምቀልጠው?»

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ንጹሑን ጋሪ እንደገና አጠብኩት። ፈቃዱን ካልወሰድኩ የምንበላው የለንም። ከወሰድኩ ደግሞ ያን ውሃ እያየሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው ሲመርቁኝ እንዴት እውላለሁ?

ነገ ሄጄ አስፈርማለሁ መሰለኝ።

እማማ ማርታ ፊደሉን ጨርሰው ቃል መገጣጠም ጀምረዋል። ያለ ሰው እርዳታ ማንበብ ሲችሉ እነዚህን ገጾች የምሰጠው ለእሳቸው ነው።