ለዋንጫው የጸለይኩት ጸሎት

ልጄ አማኑ፣ አሜሪካ በሄድክበት ሁሉ ጌታ ጥላ ይሁንህ። እህትህ ቤቴል ዋንጫ ስታነሱ በስልኳ አሳየችኝ፤ በዚያ በአሜሪካኖቹ ኳስ ያ ሁሉ ግዙፍ ልጅ ራሱን በብረት ቆብ ሸፍኖ፣ ኳስ ታቅፎ ሲላተም አንተን በማሊያ ቁጥርህ ለየሁህ። ከስተሃል።

«እማዬ፣ ኮሌጃችን ትንሽ ናት፣ በጸሎት አስቢን» ስትለኝ፣ እዚህ ወናጎ ጉባኤው ፊት ቆሜ የጸሎት ርዕስ አስያዝኩላችሁ። በየእሁዱ ጸለዩ፤ በየሳምንቱ አሸነፋችሁ። አባትህ ሲያርፍ ግን «ለፍጻሜ አልፈናል፣ መምጣት አልችልም» አልክ። የጸለዩልህ ሁሉ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ «አማኑስ?» ሲሉኝ አቀረቀርኩ። ተሸንፋችሁ ቢሆን ኖሮ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር።

ቡናው ቀልቶ እየረገፈ ነው፤ ለቃሚው አባትህ ነበር።

ጌታ ጉልበትህን ይጠብቅ። ለከርሞ እንድታሸንፉ አልጸልይም፣ አትቀየመኝ። በጊዜ ተሸነፍና ቤትህ ና።

እናትህ አመለወርቅ