ልጅሽ እኔ ጋ ናት

ውድ የላይኛዋ ጎረቤቴ፣

በሩን ከፍተሽ ቤቱን ባዶ ስታገኚው ልብሽ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው ይህን ጠረጴዛሽ ላይ የማስቀምጠው። ልጅሽ እኔ ጋ ናት፤ ከታች፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት። በይ አሁን ተቀመጪና የቀረውን ረጋ ብለሽ አንብቢ።

አንቺና ባለቤትሽ ጠዋት እንደወጣችሁ ቀራችሁ። ፖሊስም የሥራ ባልደረቦቻችሁም የት እንደገባችሁ አያውቁም። እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ «እንደምን አደርሽ» ከመባባል በቀር መቼ አውቅሽና! ያወቅሁሽ በልጅሽ ነው። በማግስቱ በራችሁን ሳንኳኳ፣ «እማዬ ለማንም እንዳትከፍቺ ብላኛለች» ብላ ድርቅ! ምን በላሽ ስላት ብስኩት አለች። ብስኩት ደግሞ ስንት ቀን ያኖራል?

የሕንፃው ጥበቃ ብረት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ዞር ይበሉልኝ፣ ልስበረው።»

«ሞቼ ነው! እናቷ እንዳትከፍቺ ያለቻትን በር ሰብረህ፣ ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ማንን ልታምን ነው?»

ከዚያማ የስፌት መኪናዬን ለእሱ አሸክሜ በራችሁ ሥር ተተከልኩ። እየሰፋሁ ብቻዬን አወራለሁ።

«ይቺ ቀሚስ እንግዲህ ለዚህ ቤት ልጅ ናት። ቁመቷ ከወንበር አይበልጥም መሰለኝ፣ ላሳጥራት።»

«እበልጣለሁ!» አለች ከውስጥ።

«ወሬ ነው።»

«እበልጣለሁ አልኩሽ! አምጪ ልለካ!»

ሜትሬን በበሩ ሥር አሾለክሁላት። ስትንኮሻኮሽ ቆየች። ከዚያ ድምጿ ቅጥን ብሎ፣ «ብቻዬን አልቻልኩም» አለች።

ቁልፉ ሲዞር ያ ጥበቃ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ዘልዬ ላቅፋት ቃጣኝና ትደነግጥብኛለች ብዬ ተውኩት፤ ተንበርክኬ ለካኋት። እውነቷን ነው፣ ትበልጣለች።

የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ መጥታ አይታን፣ እናንተ እስክትመጡ እኔ ጋ እንድትቆይ ፈቅዳለች። ትምህርቷን አላቋረጠችም። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ኧረ መሳደብም ጀምራለች! የዚያችን ቀሚስ ጫፍ ለቅቄላታለሁ፤ ልጅሽ እያደገች ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃታል። «በሩን በመክፈቴ እማዬ ትቆጣኛለች?» ትለኛለች። እኔ «ስትመጣ» እላለሁ እንጂ «ከመጣች» ብዬ አላውቅም። አትቆጣሽም፣ እንዲያውም ጎበዝ ትልሻለች ብዬ ምዬላታለሁ። ሳላውቅሽ ዋስ ሆኜልሻለሁ እኮ! በይ እንግዲህ፣ አደራሽን እንዳታሳፍሪኝ።

መምጣትሽን የምትጠብቀው፣
የታችኛዋ ልብስ ሰፊ